የሕግ ተመራቂና ሕገወጥ ይዘትን የመከላከል ሥራ

ውድ ጠያቂ፣

የሕግ ትምህርትዎን ለመጨረስ አንድ ሴሚስተር እንደቀረዎት፣ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ሕገወጥ ይዘትን ለመከላከል በሚያደርጉት ጥረት ውስጥ መሥራት እንደሚፈልጉ፣ ነገር ግን ፕሮግራሚንግ አለመማርዎ እንደሚያሰጋዎት ጽፈውልኛል። ከዚሁ ጋር አንድ አስቀጣሪ ድርጅት የይዘት ገምጋሚነት ሥራ (ሰዎች የሚጭኗቸውን ምስሎችና ጽሑፎች እያዩ ይነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለውን የመወሰን ሥራ) አቅርቦልዎት ውሉን በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲፈርሙ እንደጠየቀዎት ገልጸዋል። እኔን ያሳሰበኝ የፕሮግራሚንጉ ጉዳይ ሳይሆን ውሉ ነው።

ስለ ቴክኖሎጂው ማወቅ ያለብዎት ማሽኑ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2009 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከዳርትማውዝ ኮሌጁ ፕሮፌሰር ሃኒ ፋሪድ ጋር የሠራውን ፎቶዲኤንኤን እንመልከት። ፕሮግራሙ አንድን ምስል ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጣል፣ መጠኑን ያስተካክላል፣ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፍለዋል፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ክፍል ያለውን የብርሃንና የጥላ ልዩነት ለክቶ የቁጥር አሻራ ያወጣለታል። ሌላ ሰው ያንኑ ምስል አሳንሶ ወይም ቀለሙን ነካክቶ ቢጭነው እንኳ አሻራው ከቀድሞው ጋር ስለሚቀራረብ ይያዛል። በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን የሚያሳዩ ምስሎች በተደጋጋሚ እንዳይሰራጩ ከሚያግዱት መሣሪያዎች አንዱ ይህ ነው። ይሁን እንጂ አሻራው ወደ መዝገቡ የገባው አስቀድሞ አንድ ሰው ምስሉን አይቶ ሕገወጥ መሆኑን ስለወሰነ ነው። አዲስ ይዘትን የሚጠረጥሩ ሌሎች ስልቶች ቢኖሩም ጥርጣሬያቸውን አጣርቶ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል፤ የእርስዎም ትምህርት የሚፈለገው በዚህ ውሳኔ ላይ ነው።

ውሳኔው ሲሳሳት የሚሆነውን በ2008 በብሪታንያ አይተናል። ከ1996 ጀምሮ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን ስለሚያሳዩ ምስሎች ጥቆማ እየተቀበለ የሚያጣራው ድርጅት፣ ኢንተርኔት ዎች ፋውንዴሽን፣ በአንድ የሙዚቃ አልበም ሽፋን ምክንያት የዊኪፔዲያን ገጽ በእገዳ ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ። ዝርዝሩን ይጠቀሙ የነበሩ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ገጹን ሲዘጉ፣ በርካታ የአገሪቱ ተጠቃሚዎች ዊኪፔዲያ ላይ በነጻነት ማረም ተቸገሩ፤ ድርጅቱም በቀናት ውስጥ ውሳኔውን ሻረ። በተቃራኒው በኩል፣ በመጋቢት 2019 የኒውዚላንዱ የክራይስትቸርች መስጊዶች ጥቃት በቀጥታ ሲተላለፍ፣ ፌስቡክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት 1.5 ሚሊዮን ቅጂዎችን ማንሳቱን፣ ከእነዚህም ከ1.2 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑትን ገና ሲጫኑ ማገዱን አሳውቋል። ሲጫኑ ሳይታገዱ ካለፉት ቅጂዎች መካከል ሰዎች ቪዲዮውን ቆራርጠው ወይም ከስክሪን ላይ ቀርጸው የጫኗቸው ይገኙባቸዋል። አብዝቶ ማገድም አዘግይቶ ማንሳትም ሰው ይጎዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን መስመር በጥንቃቄ የሚያሰምር ባለሙያ ደግሞ ጥቂት ነው።

ለሕግ ባለሙያ በሩ አሁን ሰፍቷል። ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ፣ ኩባንያዎች ይዘት ሲያነሱ ምክንያቱን ለባለቤቱ እንዲያስረዱና ትልልቆቹ መድረኮች ቅሬታ የሚሰማበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ ቅጣቱም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። የአሜሪካ ሕግ በበኩሉ ኩባንያዎች በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃትን የሚያሳይ ይዘት መኖሩን ሲያውቁ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፣ ፈልገው እንዲያገኙ ግን አያስገድድም። እንዲህ ያለውን ልዩነት አንብቦ ለኢንጂነሮችና ለገምጋሚዎች ግልጽ መመሪያ አድርጎ መጻፍ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ሲፈልጉ «ትረስት ኤንድ ሴፍቲ» (Trust and Safety፣ የተጠቃሚዎችን እምነትና ደኅንነት የመጠበቅ ሥራ) የሚለውን ስያሜ ይጠቀሙ፤ በ2020 የተመሠረተው የዘርፉ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ ያቀረበው የትምህርት ጽሑፍም አለ፣ ያንብቡት።

አሁን ወደ ውሉ ልመለስ። የገምጋሚነት ሥራ ክቡር ሥራ ነው፣ ብዙ ያስተምራል፣ ያቆስላልም። ፌስቡክ በ2020 በሥራው ምክንያት የአእምሮ ጤና ጉዳት ደረሰብን ላሉ ገምጋሚዎች 52 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዓመታት በፊት ያማከርኩት አንድ ወጣት በሥራ ቦታው የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበረለት፤ ነገር ግን ከባለሙያው ጋር የሚቀመጥበት ሰዓት ከዕለት የሥራ ኮታው ስለማይቀነስለት አንድም ቀን ሳይሄድ ሥራውን ለቀቀ። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ከመፈረሙ በፊት እንዲጠይቅ አልነገርኩትም ነበርና።

ስለዚህ እርስዎ ይጠይቁ። ከባድ ይዘት በቀን ስንት ሰዓት ይመለከታሉ? ምስሉን ማደብዘዝ፣ ጥቁርና ነጭ ማድረግ፣ ድምፁን ማጥፋት ይቻላል? የምክር ሰዓቱ ከኮታው ይቀነሳል? ከበዛብዎት ወደ ሌላ ምድብ መዛወር ይችላሉ? በተለይ የምስጢር ጥበቃ አንቀጹ ስለ ጤንነትዎ ለሐኪምዎ እንዳይናገሩ የሚከለክል መሆን አለመሆኑን ቃል በቃል ያንብቡ፤ የሕግ ተማሪ ስለሆኑ ይህን ከእኔ በተሻለ ያዩታል። ጥያቄዎቹን ዛሬውኑ በኢሜይል ይላኩላቸው፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በጽሑፍ ለመመለስ ፈቃደኛ ካልሆኑ አይፈርሙ፤ ቀሪውን ሴሚስተር ከላይ ባነሳሁት የመመሪያ ጽሑፍ ላይ ቢያውሉት፣ የጻፉትን ናሙና ልከውልኝ አብረን እናየዋለን።