አምሪትሳር ለመሄድ ለጠየቅሽው እህት፦ ፓስፖርትሽን ሳትይዢ እንዳትወጪ

ህንድ ፑንጃብ፣ ጃላንዳር ለማስተርስ የመጣሽው እህቴ፣ «ቅዳሜና እሁድ አምሪትሳር ሄጄ የሲኮቹን ወርቃማ ቤተመቅደስ ማየት ፈልጌ ነበር፣ ክርስቲያን ነኝ ያስገቡኛል ወይ፣ የት ልደር፣ በዛው ካርታርፑርንስ አይቼ መመለስ እችላለሁ» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው። (ለማያውቅ፣ ሲኮች ማለት እነዛ ጥምጥም የሚያስሩት የራሳቸው ሃይማኖት ያላቸው ህንዶች ናቸው፣ ካርታርፑርም ሌላው ቅዱስ ቦታቸው ነው።) ከላይ ሁሉም «ሂጂ በጣም ነው የሚያምረው» እያለ ኮመንት አድርጓል፣ ማማሩንማ ጉግልም ይነግርሻል። እኔ ፓቲያላ አራት አመት ስማር አምሪትሳር ስድስቴ ሄጃለሁ፣ የመጀመሪያው ጊዜ ብስጭት ግን እስካሁን አልወጣልኝም፣ ረዘመ እንዳትሉኝ።

1ኛ፣ ፓስፖርት። ኦሪጅናሉን። ኮፒ አይሰራም፣ ስልክሽ ላይ ያለው ፎቶ አይሰራም፣ የተማሪ መታወቂያም አይሰራም። መቼም ያንቺም ኮሌጅ እንደኛው ለቪዛ ማራዘሚያ ብሎ ሰብስቦ ይዞብሻል። እኛ ጋ የነበረው የቢሮ ሰውዬ «ለሁለት ቀን ብቻ ስጠኝ፣ ሰኞ መልሼ አመጣዋለሁ» ስለው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ ሻዩን እየጠጣ «ከል፣ ከል» ይለኛል። ከል በነሱ ነገ ማለት ነው፣ ትናንት ማለትም ነው፣ ለሁለቱም ለምን አንድ ቃል እንደበቃቸው የገባኝ እዛ ቢሮ በር ላይ ቆሜ ነው። አራት ቀን ተመላልሼ በአምስተኛው «ኮፒ ይበቃሃል፣ ማን ይጠይቅሃል» አለኝና አመንኩት። ጥፋቴ እሱ ነው፣ የሚያውቅ መስሎኝ።

ኦንላይን ሆቴል ይዤ 1,800 ሩፒ ቀድሜ ከፍያለሁ፣ አውቶብሱ መንገድ ላይ ቆሞ ቆሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ፣ ሪሴፕሽኑ ላይ ያለው ልጅ ገና ሲያየኝ ፊቱ ተቀየረ፣ «ፓስፖርት?» ኮፒውን ሰጠሁት፣ አገላብጦ አየና መለሰልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ህንድ ውስጥ ማንኛውም ማደሪያ የውጭ ዜጋ ሲያሳድር ሲ ፎርም የሚሉትን ሞልቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግስት ማሳወቅ አለበት፣ የፓስፖርቱም የቪዛውም ዝርዝር ይገባል፣ ትንንሾቹ ሆቴሎች ደግሞ ይሄን ጣጣ ስለማይፈልጉ ከነጭራሹ ፈረንጅም ሐበሻም አይቀበሉም። ህጉን አልወቅስም። ግን ብሬን ስትቀበሉ ኢትዮጵያዊ ነኝ ብዬ ሞልቼ የለም ወይ? ገንዘቡ አይመለስም አለኝ፣ አልተመለሰምም። ሁለተኛው ሆቴል «ኢንዲያን ኦንሊ»፣ ሶስተኛው በሩንም አልከፈተ፣ ባጃጁ ደግሞ በየሄድንበት ይጨምራል። ስለዚህ ስትይዢ ሆቴሉ ጋ ደውለሽ «የውጭ ዜጋ ትቀበላላችሁ ወይ» በይ፣ አዎ ካሉሽ በጽሁፍ አስልኪያቸው።

በመጨረሻ ባጃጁን የሚነዳው ጥምጥሙ ሰማያዊ የሆነ ሽማግሌ ሰርዳርጂ (ሲክ ሰውዬን እንዲህ ነው የሚሉት) ዞር ብሎ አየኝና «ዳርባር ሳሂብ ልውሰድህ፣ እዛ የሚያባርርህ የለም» አለኝ። እነሱ ወርቃማ ቤተመቅደስ አይሉትም፣ ዳርባር ሳሂብ ወይም ሃርማንዲር ሳሂብ ነው የሚሉት፣ አንቺም እንደዛ በይ፣ ፊታቸው ይፈታል።

2ኛ፣ ጸጉር መሸፈን። ለኛ ይሄ አዲስ አይደለም፣ ነጠላ ካለሽ በቃሽ። እኔ ኬፕ አድርጌ ገብቼ በሩ ላይ ጦር የያዘው ጠባቂ በምልክት አስወልቆ ብርቱካናማ ጨርቅ አስሮልኛል፣ በነጻ ነው፣ ውጪ «ግዴታ ነው ግዛ» የሚሉሽን እለፊያቸው። ጫማ ታስቀምጫለሽ፣ እሱም በነጻ፣ ከዛ ውሃ ባለበት እግርሽን ነክረሽ ትገቢያለሽ። ሲጋራ የሚባል ነገር ቦርሳሽ ውስጥ እንዳይኖር፣ የጓደኛዬ ነው ማለት አያድንም። ካልሲ ማድረግ አይቻልም ስለዚህ ታህሳስና ጥር ላይ ከሄድሽ እብነበረዱ በረዶ ነው።

ክርስቲያን ነኝ ላልሽው፣ ማንም ሃይማኖትሽን አይጠይቅሽም። ቤቱ አራት በር ያለው ከየትም ወገን የመጣ ይግባ ተብሎ ነው፣ ቤቱን ወደከበበው ኩሬ የምትገቢውም ደረጃ ወርደሽ ነው፣ ሰው ዝቅ ብሎ እንዲገባ። ጣኦት ምናምን ፈልገሽ አታገኚም፣ መሃል ላይ ያለው መጽሐፋቸው ነው፣ ጉሩ ግራንት ሳሂብ፣ ከጉሩዎቻቸው ማለትም ከመምህሮቻቸው አንዱ ጉሩ አርጃን አሰባስቦት በ1604 ነው እዛ የገባው (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ የሙስሊምና የሂንዱ ቅዱሳን መዝሙር ሳይቀር አለበት። እንደ ህያው መምህር ነው የሚይዙት፣ ጥላ ይዘረጋለታል፣ ማታ አልጋ አለው።

3ኛ ማደሪያ ልል ነበር። ግቢው አጠገብ የተሳላሚ ማረፊያዎች አሏቸው፣ ለውጭ ሰው የተለየ ክፍል አለ፣ ገንዘብ አይጠይቁም፣ መዋጮ ሳጥኑ ውስጥ የፈለግሽውን ትጨምሪያለሽ። የዛን ቀን ግን ሞልቶ ነበር፣ አልዋሽሽም፣ እንባ እንባ ብሎኝ ነበር። አንድ በጎ ፈቃደኛ «በልተሃል?» ሲለኝ አልበላሁም አልኩት፣ ላንጋር ወሰደኝ። ላንጋር ማለት ነጻው ማዕድ ነው፣ ሌሊትም አይዘጋም፣ በቀን ከ50 ሺህ ሰው በላይ ይበላበታል። እንደ ዝክር በይው፣ ግን በየቀኑ። ሀብታሙም ለማኙም መሬት ላይ በመደዳ ተቀምጦ ምስር፣ ቂጣ፣ የሩዝ ገንፎ በወተት ይሰጠዋል። ቂጣውን በሁለት እጅሽ ተቀበይ፣ እኔ አንድ እጄን ዘርግቼ ሰውዬው ዝም ብሎ ቆሞ ጠብቆኛል። የወሰድሽውን ጨርሺ። ጾም ላይ ከሆነ የምትሄጂው ወተቱን ብቻ ሳይሆን ቅቤውንም ጠይቂ፣ እዛ የሚሰጡት ካራ ፕራሳድ የሚሉት በዱቄት፣ በስኳርና በቅቤ ነው የሚሰራው። ልብላ አልብላ የሚለውን ከንስሐ አባትሽ ጋ ጨርሺ፣ እኔ አልገባበትም።

ከበላሁ በኋላ የት ልሂድ? ሳህን የሚያጥቡት ጋ ሄጄ ቆምኩ። ማንም ማነህ አላለኝም፣ አንዷ እናት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ፣ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የብረት ሳህን አጠብኩ፣ ጫጫታው ጆሮ ይበጥሳል፣ ቤት እናቴ አንድ ብርጭቆ አጥቦ የማያውቀው ልጇ ይሄን ሲያደርግ ብታይ አታምንም። ሴዋ ይሉታል፣ አገልግሎት እንደማለት ነው። ዶክተሩም ነጋዴውም ተራ ይዞ ያጥባል። እንዲያውም ከሁሉም ጉዞዬ የምኮራበት ያቺ ሌሊት ናት፣ 1,800 ሩፒዬ ግን አሁንም ያናድደኛል።

ከዛ በቀጥታ ሰልፍ ገባሁ። ይሄንን ስሚኝ፣ ቅዳሜ ቀን ከሄድሽ ኩሬው መሃል ወዳለው ቤት የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ሁለት ሶስት ሰዓት ትቆሚያለሽ፣ ሌሊት ግን ይፈጥናል። ንጋት ሳይደርስ መጽሐፉን ከአካል ታክት በወርቅ አልጋ ተሸክመው ያመጡታል፣ መለከት ይነፋል፣ ሰው አበባ ይበትናል፣ ታቦት ሲወጣ ያለውን ድባብ ያየ ሰው ይገባዋል። አካል ታክት ማለት ፊት ለፊት ያለው ነጩ ህንጻ ነው፣ 1984 ላይ የህንድ ጦር ግቢው ውስጥ ሲገባ ፈርሶ እንደገና የተሰራ ነው፣ ስለሱ አንዱን ሽማግሌ ጠይቄ አይኑ ሲሞላ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ለወሬ ብለሽ አታንሺው። ውስጥ ፎቶ የለም። ውጪ ዙሪያውን ማንሳት ይቻላል፣ ቲክቶክ ዳንስ ግን በጭራሽ። እግርሽን ኩሬው ውስጥ አንጠልጥለሽ አትቀመጪ፣ ጠበል ዳር እንደማይደረገው ማለት ነው።

ስትወጪ ጃሊያንዋላ ባግ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፣ እንዳታልፊው። ሚያዝያ 1919 እንግሊዞቹ መውጫው ጠባብ የሆነ ግቢ ውስጥ የተሰበሰበ ሰው ላይ የተኮሱበት ነው፣ ራሳቸው ያመኑት 379 ሙት ነው፣ ህንዶቹ ከዛ እጅግ ይበልጣል ይላሉ፣ የጥይቱ ቀዳዳ ግድግዳው ላይ አለ። የካቲት 12ን የሰማ ሐበሻ እዛ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ካርታርፑር ላልሽው፣ አይሆንም። የሲክ ሃይማኖት መስራች ጉሩ ናናክ 1539 ያረፈበት ቦታ ነው፣ ፓኪስታን ውስጥ ነው፣ 2019 የተከፈተው ያለ ቪዛ መሻገሪያ ለህንድ ፓስፖርትና ለትውልደ ህንዶች ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን 2025 ላይ ሁለቱ አገሮች ሲጋጩ ተዘግቷል። አብረውኝ የሚማሩ ሁለት ልጆች «አናስገባችሁም ብሎ ማን ነገረህ» ብለው አንድ ኤጀንት ለያንዳንዳቸው 2,000 ሩፒ በልቷቸው ድንበሩ ጋ ደርሰው ተመልሰዋል፣ እኔ ነግሬያቸው ነበር።

አሁን ፓስፖርትሽ ቢሮ ከሆነ ዛሬውኑ ሂጂና ጠይቂ፣ አርብ ከሰዓት የሚያናግርሽ አታገኚም። እምቢ ካሉሽ ማደሩን ተይው፣ ጃላንዳር ቅርብ ነው፣ በሌሊት ባቡር ሄደሽ ማታ ትመለሻለሽ፣ እኔ ከፓቲያላ ነው የመጣሁት ያ እድል አልነበረኝም። ላንጋር ውስጥ ሳህን ማጠቢያውን እንዳትረሺው።