መልስ፦ ሳንሪኩ (በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ያለው የባሕር ዳርቻ) ዓሣውም ሱናሚውም የበዛው በአንድ ምክንያት ነው?

አይደለም፤ ምክንያቱ ሁለት ነው፣ ለየብቻ ጻፋቸው።

ዓሣው የሚበዛው ቀዝቃዛው የኦያሺዮ የባሕር ጅረት ከሰሜን፣ ሞቃቱ ኩሮሺዮ ከደቡብ መጥተው ከዳርቻው ማዶ ስለሚገናኙ ነው። እንደ ኬሴኑማ ያሉት የወደብ ከተሞች እንጀራቸው ከዚያ ነው።

ሱናሚው የሚነሳው ከባሕሩ ወለል ሥር ካለው ስንጥቅ ነው። የሚያባብሱት ግን ባሕረ ሰላጤዎቹ ናቸው፤ አፋቸው ሰፊ፣ ውስጣቸው ጠባብ ስለሆነ ውኃው እየገባ ሲሄድ ይቆለላል። (የሚገርመው፣ በደህናው ቀን ለኦይስተር (የሚበላ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ) እርባታ የሚመቹትም እነሱው ናቸው።) በ1896፣ በ1933 እና በ2011 እ.ኤ.አ. የሆነው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ስለ 2011 የሚጠቀሰው 40 ሜትር ገደማ ውኃው በዚያው ዳርቻ ባለችው የሚያኮ ከተማ አካባቢ ዳገቱን የወጣበት ከፍታ እንጂ ባሕር ላይ የነበረው የሞገድ ቁመት አይደለም። የተማሪ ጽሑፍ ሳርም ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ስህተት ይህ ነው።