ነገረ መለኮት ልማር ገብቼ ሂሳብና ሎጂክ ለምን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ነገረ መለኮት ለመማር መንፈሳዊ ኮሌጅ ብገባ የመጀመሪያው ዓመት ሂሳብ፣ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊና አንትሮፖሎጂ ሆነብኝ። ሐዋርያው ከፍልስፍና ተጠበቁ ይል የለ? እምነቴን አይጎዳብኝም? ጓደኞቼ አሳይመንቱን ከፍለው ያሠራሉ፤ እኔም አንዱን አሠርቻለሁ።

መልስ፦ ልጄ፣ አይጎዳሽም። ጥቅሱን እስከ መጨረሻው አንብቢው (ቆላ. 2፥8)፤ የሚያስጠነቅቀው «እንደ ክርስቶስ ትምህርት ሳይሆን» ከሚማርክ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ በአርዮስፋጎስ ቆሞ የአቴናን ሰዎች ያስተማረው የገዛ ባለ ቅኔዎቻቸውን ጠቅሶ ነው (ሐዋ. 17፥28)። ሳያውቃቸው እንዴት ይጠቅሳቸው ነበር? ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስም አቴና አብረው ተምረዋል።

የእኛም አባቶች ቢሆኑ ማንንም በቀጥታ ትርጓሜ ቤት አያስገቡም። ንባብ አለ፣ ዜማ አለ፣ ከሰዋስው ጋር ቅኔ አለ። ቅኔ ቤት ሰምና ወርቁን ሲለይ ያደገ ተማሪ መጽሐፍ ሲተረጉም አይደናገርም። ሎጂክም ይህንኑ ማስተዋል ያሠለጥንልሻል።

ሂሳቡማ የቤታችን ነው። የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ የ2018ን ባሕረ ሐሳብ፣ እናውጣ። ከአዳም እስከ ክርስቶስ በሚቆጠረው 5500 ላይ 2018 ስትደምሪ ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ላልተፈጸመው ዘመን አንድ ስትቀንሺ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ሲካፈል፣ 12 ይቀራል፤ አበቅቴ ይባላል። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ ተሳስተሻል። መጥቅዑ የሚያርፍበት መስከረም 18 እሑድ ስለዋለ የእሑድን ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበውን ተጨማሪ ቁጥር፣ 7 ጨምሪበት፤ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ የገባው በዚህ ስሌት ነው፤ ዐቢይ ጾምና ትንሣኤም ከዚሁ ይወጣሉ። ማካፈል የሰለቸው ሰው ይህን ለምእመናን እንዴት ያስረዳል?

አንትሮፖሎጂው ላይ ስለ ሰው አመጣጥ የሚባለው እንደሚያስጨንቅሽ እገምታለሁ። ነቢዩ ዳንኤል የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ተምሯል፤ እንቢ ያለው የንጉሡን ማዕድ ነው (ዳን. 1)። ፈተና ላይ ንድፈ ሐሳቡ ምን እንደሚል በትክክል መመለስሽ እምነትሽን መለወጥሽ አይደለም። የከበደሽን ግን ለብቻሽ አትያዢው፤ ጽፈሽ አምጪልኝ።

እኔን ያሳሰበኝ አሳይመንቱ ነው። ሌላ ሰው በሠራው ላይ ስምሽን ጽፈሽ መስጠት ሐሰት ነው፣ ኃጢአትም ነው። ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ የሚቀጥለውን ዝቅተኛ ውጤት ቢያመጣብሽም ራስሽ ሥሪው። ከቱሉ ዲምቱ በታክሲ ሰልፍ መመላለሱ ጥናት እንደሚያስተጓጉል አይጠፋኝም። ሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሂሳብ የሚያስጠኑ ወንድሞች አሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደብተርሽን ይዘሽ ነዪ።