ኦብጅኮፒ፦ የኦብጄክት ፋይል ቅየራ ጥያቄና መልስ

ኦብጅኮፒ ከግኑ ቢንዩቲልስ ጥቅል ጋር የሚመጣ፣ ኮምፓይል የተደረገን ፋይል ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ የሚገለብጥ የተርሚናል መሣሪያ ነው። ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ አቅርቡ። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፤ ስትሠሩ በላቲን ተይቧቸው። ከሰረዝ በኋላ ነጠላ ፊደል ከመጣ ትልቁ ፊደል ነው፤ ትንሹ ሲሆን እናገራለሁ። የሄክስ (ባለ 16 መሠረት) ቁጥር ስትተይቡ ከፊቱ ዜሮና ትንሿን ኤክስ አትርሱ።

ጥያቄ፦ የኤልፍ ፋይልን ወደ ቢን እና ወደ ሄክስ የሚቀይረው ትዕዛዝ የትኛው ነው? የሁለቱ ልዩነትስ?

መልስ፦ ኤልፍ ሊንከሩ (ኮምፓይል የተደረጉ ፋይሎችን የሚያገጣጥመው መሣሪያ) የሚያወጣው የፕሮግራም ፋይል ነው። ትዕዛዙ «ኦብጅኮፒ -ኦ ባይነሪ ሥራ.ኤልፍ ሥራ.ቢን» ነው። ለሄክስ ከሆነ «ባይነሪ» የሚለውን በ«አይሄክስ» ተካው። -ኦ የውጤቱን ፎርማት ይናገራል፣ -አይ ደግሞ የመነሻውን። ቢን ፋይል ጥሬ ባይት ብቻ ነው፤ አድራሻ የለውም፣ ስለዚህ ቺፑ ላይ ስትጭን መነሻ አድራሻውን አንተ መንገር አለብህ። ሄክስ ግን በየመስመሩ አድራሻና ቼክሰም (የስህተት መፈተሻ ቁጥር) ይይዛል። ለምሳሌ «:020000040800ኤፍ2» የሚለው መስመር «ከዚህ በኋላ የአድራሻው ላይኛ 16 ቢት 0800 ነው» ማለት ነው። ፋይሉ የሚያልቀው ሁልጊዜ «:00000001ኤፍኤፍ» በሚለው መስመር ነው፤ እሱ ከሌለ ፋይሉ ተቆርጧል ብለህ ጠርጥር።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የውጤቱን ስም ካልጻፍክ ኦብጅኮፒ ዋናውን ፋይል ራሱን ይተካዋል፣ ፈቃድም አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሜ 20 ኪሎባይት አይሞላም፤ ቢን ፋይሉ ግን 384 ሜጋባይት ሆኖ ወጣ። ቺፑ ኤስቲኤም32 ነው። ምን ነካው?

መልስ፦ ምክንያቱን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ኤስቲኤም32 ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ በእሱ ፍላሹ (ኮዱ በቋሚነት የሚቀመጥበት) የሚጀምረው ሄክስ 08000000 ላይ፣ ራሙ (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) ደግሞ ሄክስ 20000000 ላይ ነው። ልዩነታቸው ሄክስ 18000000፣ ማለትም 402,653,184 ባይት፣ ልክ 384 ሜጋባይት ነው። ኦብጅኮፒ ቢን ሲሠራ ከዝቅተኛው የመጫኛ አድራሻ ጀምሮ እስከ ከፍተኛው ድረስ ያለውን ሁሉ በተከታታይ ይጽፋል፤ በመሃል ያለውን ባዶ ቦታ በዜሮ ይሞላዋል። ስለዚህ አንድ ሴክሽንህ (የፕሮግራሙ አንድ ክፍል) የመጫኛ አድራሻው ራም ውስጥ ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው።

እያንዳንዱ ሴክሽን ሁለት አድራሻ አለው፦ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚኖርበት (ቪኤምኤ) እና መጀመሪያ የሚጫንበት (ኤልኤምኤ)። የፋይልን ይዘት በሚያሳየው መሣሪያ «ኦብጅደምፕ -ኤች ሥራ.ኤልፍ» በል፣ ኤች ትንሿ ናት። በኤልኤምኤ ዓምድ ላይ በ20 የሚጀምር፣ ከሥሩም «ሎድ» እና «ኮንቴንትስ» የሚል ምልክት ያለው ሴክሽን ካየህ ጥፋተኛውን አገኘኸው።

ብዙ ጊዜ «.ዳታ» (የመነሻ ዋጋ የተሰጣቸው ተለዋዋጮች ያሉበት) ነው። መፍትሔው ሊንከር ስክሪፕቱ (ሴክሽኖች የት እንደሚቀመጡ የሚወስነው ፋይል) ውስጥ ነው፦ በሴክሽኑ መዝጊያ ላይ «> ራም» ብቻ ከተጻፈ «> ራም ኤቲ> ፍላሽ» አድርገው። የመነሻ ዋጋዎቹ ፍላሽ ላይ ይቀመጣሉ፣ የማስነሻ ኮዱ ወደ ራም ይገለብጣቸዋል። አንዳንዶች በ«-አር .ዳታ» ሴክሽኑን ቆርጠው ይጥሉና ፋይሉ ሲያንስ ችግሩ የተፈታ ይመስላቸዋል። ይህ ከበሽታው የከፋ መድኃኒት ነው፤ ቺፑ ሲነሳ የመነሻ ዋጋ የተሰጣቸው ተለዋዋጮች ሁሉ የማይታወቅ ቁጥር ይዘው ይነሳሉ፣ ስህተቱን ስትፈልግ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው የምትቆፍረው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ በገዛ እጅህ ስም ሰጥተህ ራም ላይ ያስቀመጥከው ቋት ነው። ስሙ በ«.ቢኤስኤስ» ካልጀመረ ጂሲሲ (ኮምፓይለሩ) አብዛኛውን ጊዜ ይዘት ያለው ሴክሽን አድርጎ ይቆጥረዋል። እዚህ ላይ ሊንከር ስክሪፕቱ ውስጥ «ኖሎድ» (አይጫን) ብሎ ማወጁ ትክክል ነው፤ በ-አር መቁረጡም አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ባዶውን ቦታ ከዜሮ ይልቅ በኤፍኤፍ መሙላት ይቻላል? የማምረቻ ክፍሉ ልክ 64 ኪሎባይት የሆነ ፋይል ነው የሚጠይቀኝ።

መልስ፦ ይቻላል። «--ጋፕ-ፊል» እኩል ይሆናል ሄክስ ኤፍኤፍ፣ ቀጥሎ «--ፓድ-ቱ» እኩል ይሆናል ሄክስ 08010000። የኋለኛው የሚቀበለው መጠን ሳይሆን የመጨረሻ አድራሻ ነው፤ 10000 ብቻ ብትጽፍ ከፕሮግራሙ በታች ያለ አድራሻ ስለሆነ ምንም አይጨምርም። የተደመሰሰ ፍላሽ በአብዛኛው በኤፍኤፍ ስለሚነበብ ሙሌቱ ከቺፑ ጋር ይስማማል።

ጥያቄ፦ «የፋይሉ ፎርማት አልታወቀም» የሚል መልእክት እየሰጠኝ ነው። ፋይሉ ግን ደህና ነው።

መልስ፦ የላፕቶፕሽን ኦብጅኮፒ ለአርም (የቺፑ ፕሮሰሰር ዓይነት) ፋይል ተጠቅመሽ ይሆናል። «አርም-ነን-ኢኤቢአይ-ኦብጅኮፒ» የሚለውን ተጠቀሚ። አንድ ኦብጅኮፒ የትኞቹን ፎርማቶች እንደሚያውቅ «--ኢንፎ» ብትይው ይዘረዝርልሻል።

ጥያቄ፦ ፒኤንጂ ምስል ፕሮግራሜ ውስጥ መክተት ፈልጌ ነበር። አደረግሁት፣ ግን የመጠኑ ቁጥር የማይረባ ነገር ያሳየኛል።

መልስ፦ ትዕዛዙ «ኦብጅኮፒ -አይ ባይነሪ -ኦ ኤልፍ64-ኤክስ86-64 -ቢ አይ386:ኤክስ86-64 አርማ.ፒኤንጂ አርማ.ኦ» ነው ብዬ ልነሳ። መሣሪያው ሦስት ሲምቦሎች (ለአድራሻ የተሰጡ ስሞች) ይፈጥርልሃል፦ «_ባይነሪ_አርማ_ፒኤንጂ_ስታርት»፣ መጨረሻው «_ኤንድ» የሆነ እና «_ሳይዝ» የሆነ። ሦስተኛው ነው ያሳሳተህ። ሳይዝ ተለዋዋጭ አይደለም፤ የሲምቦሉ አድራሻ ራሱ ነው መጠኑ። ዋጋውን ካነበብክ ከማይሆን ቦታ ታነባለህ፤ አድራሻውን ብትወስድም ፕሮግራሙ ሲጫን ቦታው የሚቀያየር ዓይነት ከሆነ ቁጥሩ ሊዛባ ይችላል። እሱን ተወውና ኤንድ ሲቀነስ ስታርት አድርግ። ሁለቱንም እንደ ቻር ድርድር አውጃቸው፣ እንደ ፖይንተር አይደለም።

ሌሎች ሦስት ወጥመዶችም አሉ። የሲምቦሉ ስም የሚወጣው በጻፍከው መንገድ ልክ ነው፦ «ምስል/አርማ.ፒኤንጂ» ካልክ ማህደሩም ስሙ ውስጥ ይገባል፣ ነጥብና እዝባር (/) ሁሉ ወደ ታች ሰረዝ ይለወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ማህደሩ ውስጥ ግባ። ሁለተኛ፣ ይዘቱ የሚገባው ሊጻፍበት በሚችል «.ዳታ» ውስጥ ነው፤ በ«--ሪኔም-ሴክሽን» ወደ «.አርኦዳታ» አዙረው፣ አሎክ፣ ሎድ፣ ሪድኦንሊ፣ ዳታና ኮንቴንትስ የሚሉትን ምልክቶች አብረህ ስጠው። ሦስተኛ፣ ከ2.39 ጀምሮ ያለው ሊንከር ስለ ስታክ ማስታወሻ ሴክሽን መጥፋት ያስጠነቅቃል፤ «--አድ-ሴክሽን .ኖት.ግኑ-ስታክ=/ዴቭ/ነል» ዝም ያሰኘዋል። እውነቱን ለመናገር ግን አሴምብለሩ ላይ «.ኢንክቢን» የምትል አንዲት መስመር ይህን ሁሉ ጣጣ ታስቀራለች፤ ስሙንም አሰላለፉንም አንተ ትወስናለህ።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ላይ የተኮምፓየለ .ኦ ፋይል አለኝ፣ የምንጭ ኮዱ የለኝም። ወደ ፒኢ (የዊንዶውስ ፎርማት) ቀይሬ ዊንዶውስ ላይ ብሊንከው ይሠራል?

መልስ፦ ቅየራው ሊያልፍ ይችላል፣ ፕሮግራሙ ግን ይወድቃል። ኦብጅኮፒ መያዣውን እንጂ በውስጡ ያለውን የማሽን ኮድ አይለውጥም። በ64 ቢት ሊኑክስ የመጀመሪያዎቹ ኢንቲጀር ግብዓቶች በፕሮሰሰሩ ሬጅስተሮች፣ ማለትም በአርዲአይ፣ አርኤስአይ፣ አርዲኤክስ፣ አርሲኤክስ፣ አር8 እና አር9 ይገባሉ። ዊንዶውስ አራት ብቻ ይጠቀማል፦ አርሲኤክስ፣ አርዲኤክስ፣ አር8፣ አር9፤ በዚያ ላይ ጠሪው ስታክ ላይ 32 ባይት ይለቃል። ስለዚህ ፈንክሽኑ ግብዓቱን አርዲአይ ላይ ሲፈልግ ጠሪው አርሲኤክስ ላይ አስቀምጦታል። ፈንክሽኑ ሲስተም ኮል ካደረገ ወይም የሊኑክስ ላይብረሪ ከጠራማ ጨርሶ ተወው። ሌላ ፈንክሽን የማይጠራ፣ ንጹህ ስሌት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ጠሪውን በጂሲሲ ጽፈህ ማወጃው ላይ «ሲስቪ_ኤቢአይ» የሚለውን ባሕርይ በመስጠት ሊሳካልህ ይችላል።

ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስም ችግሩ ያው ነው። እንደ ኦኤምኤፍ ያለ የድሮ ፎርማት ካጋጠመህ ደግሞ የአግነር ፎግ «ኦብጅኮንቭ» ይሻላል፤ ኮፍ፣ ኦኤምኤፍ፣ ኤልፍና ማክ-ኦ ያውቃል፣ የሲምቦሉን መነሻ ታች ሰረዝም ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ያቺ ሰረዝ ቀላል አትምሰልህ፤ 32 ቢት ዊንዶውስ በሲ ስሞች ፊት ያደርጋታል፣ ሊኑክስ አያደርግም፣ ሊንከሩም «ስሙን አጣሁት» የሚለው በእሷ ሰበብ ነው።

ጥያቄ፦ ቢን ፋይልን መልሼ ኤልፍ ላድርገው?

መልስ፦ መያዣውን ትመልሳለህ፣ የጠፋውን አይደለም። ሲምቦሎቹ፣ ሴክሽኖቹና የዲበግ (የስህተት መፈለጊያ) መረጃው ቢን ሲሠራ ቀርተዋል። ወደ ሄክስ መቀየር ግን ይሆናል፦ -አይ ባይነሪ፣ -ኦ አይሄክስ፣ «--ቼንጅ-አድሬስስ» ሄክስ 08000000። ይህን የመጨረሻውን ከረሳህ ሄክሱ ከዜሮ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ለደንበኛ የምንሰጠው ፋይል ዲበግ መረጃ እንዳይኖረው፣ ለእኛ ግን እንዲቀር እንዴት እናድርግ?

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። በመጀመሪያ በ«--ኦንሊ-ኪፕ-ዲበግ» ሥራ.ዲበግ የሚል ፋይል አውጡ። ቀጥሎ ከዋናው ላይ በ«--ስትሪፕ-ዲበግ» መረጃውን ንሱ። በመጨረሻ «--አድ-ግኑ-ዲበግሊንክ=ሥራ.ዲበግ» በሉት። ይህ ዋናው ፋይል ውስጥ የዲበግ ፋይሉን ስምና ባለ 32 ቢት ሲአርሲ (ፋይሉ እንዳልተለወጠ ማረጋገጫ ቁጥር) ይጽፋል፤ ማህደሩን አይጽፍም። ጂዲቢ (ዲበገሩ) ፋይሉን የሚፈልገው ፕሮግራሙ ባለበት ማህደር፣ እዚያው ባለው «.ዲበግ» ንዑስ ማህደርና በሲስተሙ የዲበግ ማህደር ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የዲበግ ፋይሉን ብትነኩት ሲአርሲው ስለማይገጥም ጂዲቢ አይቀበለውም። ስሙንም አትቀይሩት።