በሁዳዴ ድኖ በፋሲካ የታመመ ቡችላ

ጥያቄ፦ «ቤታችን ጨርቆስ ነው። ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ወር ተኩል የሆነው ቡችላ ሰጡን፤ ቡቺ እንለዋለን። በገባ በሳምንቱ ተቅማጥ ጀመረው። ፍላጂል ሰጠነው፤ ጾሙ ሲገባ ሙሉ ለሙሉ ተሻለው። ከፋሲካ ወዲህ ግን እንደገና ብሶበታል። ፍላጂሉን ሁለት ጊዜ ደገምንለት፣ አንዴ ደግሞ ቤት የነበረ ቴትራሳይክሊን ሞከርን። ሦስት አራት ቀን ይሻለውና ይመለስበታል። አንዳንዴ ንፍጥ የመሰለ ነገር፣ አልፎ አልፎም ትንሽ ደም ይታይበታል። ይጫወታል፣ ይበላል። ምግብ አላጎደልንበትም፣ ከልኳንዳ በየቀኑ ይመጣለታል። ምን ይሻላል? ልጆቹ ከእሱ አይለዩም።»

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ዓይኔ የሄደው ክኒኖቹ ላይ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው «ጾሙ ሲገባ» የምትለዋ ላይ ቆምኩ። እርስዎ ያዳነው ፍላጂሉ መስሎዎታል። እኔ ግን ያዳነው ሁዳዴ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩን እንዲህ አስቡት። ጾም ገባ፣ የሠፈሩ ልኳንዳ ተዘጋ፣ ቡቺም ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ጾመ። ሩዝ ሲተርፍ ሩዝ፣ ዳቦ ሲተርፍ ዳቦ በላ። ሆዱ ረጋ። ከዚያ ፋሲካ መጣና ዶሮ ታረደ። የዶሮው አንጀት ወዴት እንደሄደ አልጻፉልኝም፤ ግን የት እንደሄደ አላጣውም። በማግስቱ ደግሞ ልኳንዳው ተከፈተ። «በየቀኑ ይመጣለታል» ያሉት ሳንባ ይመስለኛል። ጥሬ ሳንባ፣ በፌስታል፣ የጨጓራ ቁራጭ ጣል ተደርጎበት።

እንግዲህ ግምቴን ልናገር። ካምፒሎባክተር የምትባል የአንጀት ባክቴሪያ ናት። ዶሮ አንጀት ውስጥ ዶሮዋን ሳታሳምም ትኖራለች፤ ከብትም ይይዛታል። ትልቅ ውሻ ተሸክሟት ምንም ሳይመስለው ሊዞር ይችላል። እንደ ቡቺ ያለውን ገና ስድስት ወር የሞላውን ግን ታንገላታዋለች። ንፍጡ፣ ትንሿ ደም፣ ድኗል ሲሉት መመለሱ፣ ሁሉም ወደ እሷ ያመለክታል። ፓርቮ የሚባለው ቡችላ የሚገድል የቫይረስ በሽታ ቢሆን ኖሮ ወራት እየተመላለሰ አይጫወትም ነበር፤ ያስመልሰዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይለይለታል። ትል ወይም ጃርዲያ ተደርቦ ሊኖር ይችላል። እሱን ክሊኒክ ወስደው በማይክሮስኮፕ ያሳዩለት። ሳልሞኔላስ? ሊሆን ይችላል። እሷም ብትሆን የምትመጣው በዚያው ፌስታል ነውና መፍትሔው አይለወጥም።

ለዚህ ነው ክኒኑ ያልያዘለት። ጠዋት መድኃኒት፣ ማታ ጥሬ ሳንባ። በዚያ ላይ ፍላጂል ለጃርዲያ እንጂ ለካምፒሎባክተር የሚታመን መድኃኒት አይደለም። ለእሷ የሚታዘዘው እንደ ኤሪትሮማይሲን ወይም አዚትሮማይሲን ያለው ነው። እሱንም ሐኪም አይቶት፣ በኪሎው ተሰልቶ እንጂ በግምት አይሰጥም። ብዙ ጊዜም ምንጩ ከተዘጋ ያለ መድኃኒት ይድናል።

ስለዚህ ሥራው አንድ ነው፦ ይቀቅሉለት።

ቀላል ይመስላል፤ ሰው የሚበላሽበት ግን እዚህ ጋ ነው። ሳንባ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ነው። ሙሉውን ድስት ውስጥ ቢከቱት ይንሳፈፋል፣ አረፋው ክዳኑን ያነሳዋል፣ ላዩ ግራጫ ሆኖ መሐሉ ሮዝ እንደሆነ ይቀራል። ያቺ ሮዝ ቦታ ናት ጠላትዎ። መጀመሪያ አውራ ጣት በሚያህል መጠን ይቆራርጡት። ውሃው ከፈላ በኋላ ሰዓት ይያዙና 40 ደቂቃ ያቆዩት። አረፋውን በጭልፋ እየገፈፉ ይድፉት። አንዱን ቁራጭ አውጥተው ከመሐል ይሰንጥቁት፤ ሮዝ ካልታየ በቅቷል። ባክቴሪያዋ ከ70 ዲግሪ በላይ አትቋቋምም። ፍሪጅ ግን አይገድላትም፣ ፍሪዘርም ጨርሶ አያጠፋትም። «አሳድረን ነው የምንሰጠው» የሚሉኝ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉልኝ።

ከሰሉ አይክበድዎት። በሳምንት ሁለት ቀን በአንድ ድስት ቀቅለው ፍሪጅ ያስገቡ፣ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ እያወጡ ይስጡት።

ለመጀመሪያው ሳምንት ሁለት እጅ ሩዝ፣ አንድ እጅ የተቀቀለ ሳንባ ይሁንለት። ጨው የለ፣ ዘይት የለ። በቀን አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይስጡት፤ አንዴ ጠግቦ የበላ የታመመ ሆድ መልሶ ይፈታል። የወጥ ፍርፋሪ ይቅርበት፤ በርበሬው ብቻ ሳይሆን ሽንኩርቱ ራሱ ለውሻ መርዝ ነው። የዶሮ ሆድ ዕቃም ከሰጡት ተቀቅሎ ይሁን። የዶሮ አጥንት ግን ሲቀቀል እንደ እንጨት ስለሚሰነጠር ከናካቴው አይስጡት።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። ልኳንዳ ቤት ደጃፍ ቆሜ ስንቴ እንዳየሁት! ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረች ከረጢት ትታያለች፣ ሥጋ ሻጩ በቢላ ቆረጥ ያደርጋትና «እንኩ ለውሻዎ» ይላል። ገዢውም ያመሰግናል። ያቺ ከረጢት የቴፕ ትል እጭ ናት። ውሻው ጥሬዋን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ትሉ ያድጋል፣ እንቁላሉ በኩሱ ይወጣል፣ የልጅ እጅ ነክቶ አፍ ሲገባ ደግሞ ያው ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይበቅላል። ከረጢት ያለበትን ሳንባ አይቀበሉ። ለውሻ ነው ብለው እንኳ አይቀበሉ።

ሁለተኛዋ ቁጣ ስለ ቴትራሳይክሊኑ ናት። ከሰው የተረፈ ክኒን ለእንስሳ መስጠት በየግቢው የማየው ልማድ ነው፤ ዶሮም ላምም ውሻም አይቀሩለት። ሦስት ቀን ሰጥቶ ማቆም ባክቴሪያዋን አይገድላትም፣ መድኃኒቱን ያለማምዳታል። ቴትራሳይክሊን ደግሞ በማደግ ላይ ያለ ቡችላ ጥርስ ላይ ቢጫ ቀለም ይተዋል። የቡቺን ጥርስ እስቲ ይመልከቱት።

ልጆቹ እንደማይለዩት ጽፈዋል። ይህች ባክቴሪያ ከውሻ ወደ ሰው ትሄዳለች፤ ልጅ ላይ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠትና ደም ያለው ተቅማጥ ታመጣለች። ኩሱ ረግቶ እንኳ ለሳምንታት ልትወጣ ስለምትችል ቶሎ አይዘናጉ። ልጆቹ ከእሱ ጋር ተጫውተው ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ፤ ፊታቸውን እንዲልሳቸው አይተዉት። ኩሱን ቶሎ በፌስታል አንስተው ሽንት ቤት ይጨምሩት። በውሃ ገፍቶ ወደ ቦይ መስደድ በተለይ አሁን ክረምቱ ሲገባ አይሆንም፤ ጎርፉ መልሶ ለጎረቤት ያዳርሰዋል። በበጋ ፀሐይና ድርቀት ያግዙዎት ነበር፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን እርጥበቱ ለእሷ ይመቻታል። የተበከለውን ሲሚንቶ በሳሙና ካጠቡ በኋላ በ1 ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጠው ያፍስሱበትና 10 ደቂቃ ያቆዩት። የመብያ ሳህኑንም እንዲሁ አድርገው በደንብ ያለቅልቁት። ቡቺን እስኪደርቅ ያርቁት።

በተቀቀለ ምግብ በሁለት ሳምንት ካልረጋ፣ ትኩስ ኩሱን በንጹሕ ዕቃ ይዘው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የሰጡትን ክኒን ሁሉ አይደብቁ፤ ምርመራውን ያሳስታል። ማስመለስ ከጀመረ፣ አንድ ቀን ሙሉ ካልበላ፣ ድዱ ከነጣ ወይም ደሙ ከበዛ ግን ሁለት ሳምንት ቀርቶ ሁለት ቀንም አይጠብቁ። እስኪደርሱ በኦ.አር.ኤስ የተበጠበጠ ውሃ በትንሽ በትንሹ ያቅርቡለት።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ፌስታሉን የሚከፍቱበትና ሳንባውን የሚቆርጡበት ቢላ የትኛው ነው? ለሰላጣ ቲማቲም የሚከተፍበት ከሆነ ለቡቺ አንድ አሮጌ ቢላ ይለዩለት። እጀታው ላይ ቀይ ክር ይሰሩበት፣ ልጆቹ እንዳይሳሳቱ።