ከዋካንዳ እስከ ኦፐንሃይመር፦ ስለ ሉድቪግ ዮራንሶን ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ስለ ፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ሰው ነው። ስዊድናዊው ሉድቪግ ዮራንሶን። የ«ብላክ ፓንተር»፣ የ«ቴኔት»፣ የ«ኦፐንሃይመር» እና የ«ሲነርስ» ሙዚቃ ደራሲ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

«ብላክ ፓንተር» እና «ኦፐንሃይመር» ሁለቱም ኦስካር አስገኝተውለታል። አንተ ብትሆን የቱን ታስቀድማለህ? (ከአዲስ አበባ)

«ኦፐንሃይመር»ን። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ለ«ብላክ ፓንተር» (2018) ዮራንሶን ወደ ሴኔጋል ሄዶ ከዘፋኙ ባባ ማል ጋር ተጉዟል። እዚያ ነው ማሳምባ ዲዮፕን ያገኘው። ዲዮፕ ታማ የሚባል ከበሮ ይመታል። ታማ በብብት ተይዞ ሲጨመቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲለቀቅ ይወፍራል፤ ስለዚህ ሰው ሲናገር የሚወጣውን ዜማ መከተል ይችላል። የፊልሙ ጀግና፣ የምናባዊቷ አገር የዋካንዳ ንጉሥ ቲቻላ ብቅ ሲል የምትሰሙት ከበሮ ስሙን እየጠራው ነው። በጣም ድንቅ ሐሳብ ነው። ኦርኬስትራው ግን ከኋላ ሆኖ ግርማ ይጨምራል እንጂ ታሪኩን አይሸከምም። ውጊያው ሲጦፍ ደግሞ ከሌሎች የጀግና ፊልሞች ኦርኬስትራ ብዙም አይለይም።

«ኦፐንሃይመር» (2023) ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሸክሙን የሚይዘው ራሱ ኦርኬስትራው ነው። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን የአቶም ቦምቡን ሥራ ለመራው ሳይንቲስት፣ ለኦፐንሃይመር፣ ቫዮሊን እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ዮራንሶንም ከባለቤቱ፣ ከቫዮሊን ተጫዋቿ ሴሬና ጋር ሙከራውን ጀመረ። ቫዮሊን ለዚህ ሰው ልክ ነው። ጣት ክሩ ላይ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ፍቅር ይመስላል፤ ንቅጥቃጤው ሲፈጥን ያው ኖታ ጭንቀት ይሆናል። ከበሮ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። የቦምብ ፊልም ያለ ከበሮ! ፍርሃቱን በሙሉ ክሮቹ ናቸው የሚያመጡት።

«ካን ዩ ሂር ዘ ሚውዚክ» የሚለውን ክፍል ስሙት። ፍጥነቱ 21 ጊዜ ይቀያየራል። መጀመሪያ በአንድ ትንፋሽ መጫወት አይቻልም ተብሎ ነበር። መፍትሔው ለተጫዋቾቹ የሚመጣውን ፍጥነት በጆሯቸው አስቀድሞ ማሰማት ሆነ። ከዚያ ያለማቋረጥ ተጫወቱት። ስሰማው ኦርኬስትራው እግሬ ሥር የሚሮጥ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ነገር ኮምፒውተር ላይ ቆርጦ በመቀጠል አይገኝም።

የኪልሞንገር ሙዚቃ ላይ ያለው ዋሽንት የእኛ ዋሽንት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አይደለም። ኪልሞንገር የ«ብላክ ፓንተር» ክፉ ገጸ ባሕርይ ነው። ጆሮህ ለምን እንደጠረጠረ ግን ይገባኛል። የምዕራብ አፍሪካ የፉላኒዎች ዋሽንት ነው። የእኛ ከጫፉ ይነፋል፤ ያኛው በአግድም ተይዞ ከጎን ነው የሚነፋው። ተጫዋቹ እየነፋ ውስጡ ይናገራል፣ ይጮሃልም። አማዱ ባ የኪልሞንገርን ታሪክ ሲነግሩት ስሙን ዋሽንቱ ውስጥ እየጮኸ ተጫወተ። ዮራንሶን ከሥሩ የሂፕ ሆፕ ቤዝ ጨመረበት። አሜሪካ ያደገ፣ አፍሪካን የተነፈገ ልጅ በሁለት ድምፅ ተገለጸ። ለእኔ ከፊልሙ ሙዚቃ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።

«ቴኔት» ጆሮ ያደነቁራል። ሃንስ ዚመር ቢሠራው አይሻልም ነበር? (ከዱባይ)

የኖላንን ፊልሞች ሙዚቃ ይሠራ የነበረው ዚመር በዚያን ጊዜ «ዱን» የተባለውን ፊልም መርጦ ነበር፤ ኖላን ወደ ዮራንሶን የዞረው ለዚህ ነው። ሙዚቃው ንግግሩን መዋጡ እውነት ነው፤ በዚህ አልከራከርህም። ግን ድምፅ ማመጣጠን የዳይሬክተሩም ውሳኔ ስለሆነ ጥፋቱን ሁሉ ሙዚቃ ደራሲው ላይ አትጣል። ሙዚቃውን ከፊልሙ ለይተህ አንድ ጊዜ ስማው። በወረርሽኙ ምክንያት ብዙዎቹ ተጫዋቾች ከየቤታቸው ነው የቀዱት፤ እንደዚያም ሆኖ ጉልበቱ ያስገርማል። የክፉው ሰው ትዕይንት ላይ የሚሰማው የሚያስፈራ ትንፋሽ የኖላን የራሱ ነው። ዮራንሶን ቀድቶ አጣሞታል።

«ሲነርስ»ን ከእነዚህ ጋር ማወዳደር ይቻላል? (ከአዳማ)

በኦርኬስትራ መለኪያ ከሆነ አይሆንም። «ሲነርስ» (2025) የጊታር ፊልም ነው። ታሪኩ በ1932 ሚሲሲፒ ላይ ይካሄዳል። ዮራንሶንም የዚያኑ ዓመት ዶብሮ (ድምፁን የሚያጎላ ብረት የተገጠመለት ጊታር) ይዞ ነው የጻፈው። አባቱ ብሉዝ የሚወድ የጊታር መምህር ነው፤ ልጅነቱ እዚህ ፊልም ላይ ይሰማል።

በየትኛው ልጀምር? ኦርኬስትራ ሰምቼ አላውቅም። (ከባሕር ዳር)

መጀመሪያ ከላይ የጠቀስኩትን የ«ኦፐንሃይመር» ክፍል ስሚ። አጭር ነው፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በመጀመሪያው ዙር ቫዮሊኖቹን ብቻ ተከተዪ። ቀጥለሽ ስትሰሚው ከሥር የሚገቡትን ወፋፍራም የትንፋሽ መሣሪያዎች ፈልጊ። የስልክ ስፒከር እነሱን ስለማያወጣቸው የጆሮ ማዳመጫ ተጠቀሚ። ከወደድሽው የኪልሞንገርን አስከትዪ። «ቴኔት»ን ለመጨረሻ አቆዪው።