በቀቀኔ ብቻውን መጫወት እምቢ አለኝ

ጥያቄ፦ አፍሪካን ግሬይ በቀቀን አለኝ፣ ከትከሻዬ ላወርደው ስል ይጮሃል፣ የገዛሁለትን መጫወቻ ዞር ብሎም አያየው፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ግሬይ አዲስ ነገር መፍራቱ የታወቀ ነው፣ ስለዚህ መጫወቻውን ቀጥታ ኬጁ ውስጥ አትስቀይው፣ መጀመሪያ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪና እሱ እያየ አንቺ ተጫወቺበት፣ ቀስ በቀስ ራሱ ይጠጋል። ደግሞ ጫካ ውስጥ ቢሆን አብዛኛውን ቀን ምግብ ሲፈልግ ነው የሚውለው፣ እና የሚወደውን ፍሬ በንጹህ ወረቀት ጠቅልለሽ ወይ ትንሽ ካርቶን ውስጥ ደብቀሽ ስጪው፣ ይቅደደው፣ ይበጣጥሰው፣ ጨዋታው እሱ ነው! (ቸኮሌትና አቮካዶ ግን በፍጹም፣ ሊገድሉት ይችላሉ።) ሲጀምር ለትንሽ ደቂቃ ዞር በይ፣ ሳይጮህ ተመለሺና አድንቂው፣ ሲጮህ ሮጠሽ ከመጣሽ ግን መጮህ ነው የምታስተምሪው።